ጠመንጃ አለኝ በካዝና

ነጻነት ያለ ትእዛዝ አይጸናም። ይህን ታላቅ እውነት ለዓለም ያበረከተችው፣ በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ሜዳ ላይ ያለች፣ የትራፊክ መብራት አንድ ብቻ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰባት ያላት አንዲት ከተማ ናት።

እውነቱን ያፈለቀው ደግሞ ዴልበርት ክራምሊ ነው። ዴልበርት ዘወትር ጠዋት፣ ከስንዴ ዋጋ ቀጥሎ፣ በከተማዋ ሬዲዮ የአገር ጉዳይ ይተነትናል። ዘመኑን ሁሉ መንግሥት ከሰው ጓዳ እጁን እንዲያነሳ ሲጮህ ኖሯል። መንግሥት ፋታ ሲሰጠው ስለ ትዳርም ያስተምራል። «ጠመንጃው የት እንዳለ ሚስቱን የሚጠይቅ ወንድ ሱሪውንም ያስረክባት!» የምትለው አባባሉ በከተማዋ ቁርስ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፋለች።

በዚህ ዓመት የከተማው ምክር ቤት በዴልበርት ሐሳብ አመንጪነት አንድ ደንብ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፦ ማንኛውም ነጻ አባወራ በነጻ ፈቃዱ ጠመንጃ እንዲይዝ ተገዷል። በጁላይ አራት፣ በነጻነት በዓል፣ ሁሉም መሣሪያውን ይዞ በረንዳው ላይ ይቆማል፤ ከንቲባው በእሳት አደጋ መኪና እየዞረ ያያል። ሃይማኖታቸው መሣሪያ ለሚከለክላቸው ሜኖናይቶች ብቻ በራቸው ላይ ነጭ ሪቫን እንዲያስሩ ተፈቀደ። ሪቫኑም የዴልበርት ሐሳብ ነው። «ሌባ የቱ ቤት መግባት እንዳለበት ይወቅ እንጂ!» ብሎ በሬዲዮ ሲናገር ከተማው በሳቅ ፈነዳ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ለደንቡ አባት የሚገባው ክብር ተዘጋጀለት። ከከንቲባው ጎን መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ የአያቱን ጠመንጃ ከፍ አድርጎ፣ ሰልፉን ሊመራ ነው። ዴልበርት በሕይወቱ እንደዚህ የጓጓለት ነገር የለም።

በበዓሉ ጠዋት ካዝናው ፊት ተንበረከከ። ስለ ጠመንጃ ማውራቱ ጊዜውን ስለበላበት ለዓመታት ከፍቶት አያውቅም። ካዝናው «መንግሥትም ሌባም አይከፍተውም» ተብሎ የተሸጠለት፣ ከፍሪጅ የሚበልጥ ብረት ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ ባለቤቱም አልከፈተውም። ያን ጊዜ «በሕይወትህ የማትረሳውን ቀን ቁጥር አድርገው» ተብሎ፣ ቀኑን የመረጠው ራሱ ነበር። አሁን ቀኑን በአፉ እየጠራ የነጻነት አዋጁን ሞከረ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበትን ሞከረ። የራሱን ልደት፣ የውሻውን ልደት፣ የከተማው ቡድን ዋንጫ የበላበትን ቀን ሞከረ። ካዝናው ጭጭ አለ።

ሚስቱ ኦፓል ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምነው? ለካዝናው ትጸልይለታለህ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! እየወለወልኩት ነው።»

«ቁጥሩ ጠፍቶህ እንዳይሆን?»

«የእኔ ቁጥር? ምን ሲደረግ!»

«እንዲያ ከሆነማ ጥሩ። ካስፈለግኩህ ጓዳ ነኝ።»

አፉን ከፈተ። የቁርስ ቤቱ ግድግዳ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው።

ወዲያው የእሳት አደጋው መኪና እየጮኸ ደጁ ላይ ቆመ። ከንቲባ ሃስኬል ከላይ ሆኖ ተጣራ።

«አንተ ዴልበርት! ጠመንጃህን ይዘህ ውጣ እንጂ፣ ሕዝቡ በፀሐይ አለቀ!»

«ጠመንጃዬ አለ። ካዝና ውስጥ ነው።»

«አውጣዋ!»

«እሱ... ጥብቅ ጥበቃ ላይ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ በለኛ! ወዳጄ፣ ደንቡ ውስጥ ‹ይታይ› የሚለውን ያስገባኸው እኮ አንተው ነህ። ለመሆኑ ኦፓል ቁጥሩን አታውቀውም? እንጠይቃት?»

መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ዴልበርት መኪናውንም ጓዳውንም አየ። የሰልፉ ክብር በአንድ ወገን፣ ሱሪው በሌላው ወገን ሆኑበት።

«ሪቫኑን አምጡ» አለ ቀስ ብሎ።

ሰልፉ ያለ እሱ ሄደ። ማዶ ያለው ሜኖናይት ጎረቤቱ፣ አቶ ፔነር፣ በበሩ ላይ የታሰረውን ነጭ ሪቫን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወንድም ዴልበርት! ስንጸልይልህ ነው የኖርነው። እንኳን ወደ እኛ መጣህ!»

በነጋታው ዴልበርት ሬዲዮው ላይ ወጣ። «በነጻ ሰው ካዝና ውስጥ ምን እንዳለ የመጠየቅ መብት ለመንግሥት ማን ሰጠው?» ሲል ያን አምባገነን ደንብ አወገዘ። ደንቡን ማን እንዳመነጨው ያነሳ ሰው አልነበረም። ከተማው አጨበጨበ፤ ምክር ቤቱም ያንኑ ደንብ በሙሉ ድምፅ ሻረው። ነጻነት በአንድ ዓመት ሁለቴ ዳነች።

ኦፓል ንግግሩን ከጓዳ እየሰማች ወደ ካዝናው ሄደች። የሰርጋቸውን ቀን ነካካች፤ በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ዴልበርት የስኳር በሽታ ስላለበት፣ እንዳያገኘው እየጋገረች የምትደብቀው ብስኩት ከአያቱ ጠመንጃ ጎን በቆርቆሮ ተቀምጧል። የውሻውን ልደት ሳይቀር ሞክሮ ያንን ቀን አለመሞከሩ ትንሽ ቆጠቆጣት። አንድ ብስኩት በላች፤ ደገመች።

ከዚያ ካዝናውን መልሳ ዘጋችው። ሻጩ እውነቱን ነው፤ መንግሥትም፣ ሌባም፣ ባልም አይከፍተውም።