ትንንሾቹ ይሾልካሉ

[የላቦራቶሪ መጠበቂያ ክፍል። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ታላቅየው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ታናሽየው የአውቶቡስ ሹፌር።]

ታናሽ፦ እኔ አሁንም አልገባኝም፣ ጋሼ። ኮሌስትሮል በዛ ወይም አነሰ ይባላል እንጂ፣ እንደ ጫማ ቁጥር አለው እንዴ?

ታላቅ፦ አለው! ስንት ጊዜ ልንገርህ? ብዛቱ ብቻ አይደለም። ኮሌስትሮሉን ተሸክመው በደምህ ውስጥ የሚዞሩ ቅንጣቶች አሉ፤ የእነሱ መጠን ይለካል።

ታናሽ፦ በምን ሜትር?

ታላቅ፦ የምን ሜትር! ጄል የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ወንፊት በለው። እዚያ ላይ አድርገው በኤሌክትሪክ ይነዷቸዋል። ትንንሾቹ ሾልከው ሩቅ ይሄዳሉ፣ ትልልቆቹ ወደኋላ ይቀራሉ።

ታናሽ፦ አሃ! ሞተር ሳይክልና አውቶቡስ በለኛ። መንገድ ሲጨናነቅ እኔ ተገትሬ እነሱ በጎኔ ሽው!

ታላቅ፦ ጎበዝ። ሌላም ዘዴ አለ። በኃይል ያሽከረክሯቸውና አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይለያል።

ታናሽ፦ ውይ! ራሳቸውን አያዞራቸውም?

ታላቅ፦ ራስ አላቸው እንዴ፣ አንተ!

ታናሽ፦ እሺ፣ እሺ። ብቻ መጥፎዎቹ ትልልቆቹ ናቸው፣ አይደል?

ታላቅ፦ ትንንሾቹ! የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይበልጥ ሰርገው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ታናሽ፦ ታዲያ ወፍራሞቹ ደህና ከሆኑ፣ እኔን ቦርጭህን ቀንስ እያልክ ለምን ታንገበግበኛለህ?

ታላቅ፦ ቅንጣትና ቦርጭን ምን አገናኛቸው! ይልቅ መርፌ ፈርተህ ወሬ አታብዛ። ቁንጥጫ ናት።

ታናሽ፦ እውነት አያምም?

ታላቅ፦ በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?

[የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በሩን ከፍታ ታላቅየውን በእጇ ትጠራዋለች።]

ታላቅ፦ ተነስ እንጂ! አንተን ነው።

ታናሽ፦ አንተን ነው፣ ጋሼ። ያስመዘገብኩት አንተን ነው።

ታላቅ፦ እኔን? ልቤን ያዝ ያደርገኛል ያልከው አንተ አይደለህም?

ታናሽ፦ ዋሸሁ። ደረጃ ስትወጣ ደረትህን ይዘህ የምትቆመው አንተ ነህ። እህታችንም “ድካም ነው” እንዳለች ነው የቀበርናት። ተመርመር ብልህ እንደማትመጣ አውቃለሁ። አስረዳኝ ብልህ ግን ቀድመኸኝ ታክሲ ውስጥ ትገባለህ።

[ታላቅየው እጅጌውን ቀስ ብሎ ይሰበስባል።]

ታላቅ፦ [በሹክሹክታ] እጄን ያዘኝ።

ታናሽ፦ የትኛውን?

ታላቅ፦ ሁለቱንም!

ታናሽ፦ ታዲያ ልጅቷ ደሙን ከአፍንጫህ ልትቀዳው ነው?