በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ቢራ

በሰፈራችን የልማት ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ የሚይዘው የመጀመሪያው ቤት ያፈራው ቢራ የማሸግ መርሐ ግብር በታላቅ ስኬት መጠናቀቁን ስገልጽ ልዩ ኩራት ይሰማኛል። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ስለነበርኩ እውነቱን የመመስከር ግዴታ አለብኝ። እውነቱን ስል ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን ማለቴ ነው።

ሐሳቡ የጋሽ ወልደ ሰንበት ነው። ጋሽ ወልደ ሰንበት እዚሁ ሆሳዕና በአንድ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት መርተው ጡረታ ወጡ። የሚመሩት ነገር ሲያጡ ዩቲዩብ መመልከት ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቢራ ጠማቂ ሆኑ። ልጃቸው ሶስና ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ስለነበር ለባለቤታቸው ለእትዬ ትርፊት መመሪያ አስተላለፉ። በሠርጉ ጠላ አይጠመቅም፣ በሣጥን የሚመጣ ቢራም አይገዛም፣ ከለስላሳ በቀር እንግዳ የሚስተናገደው በራሳችን ምርት ብቻ ይሆናል።

«ባይሳካልህስ?» አሉ እትዬ ትርፊት።

«ዕቅድ ውስጥ ‹ባይሳካ› የሚባል ነገር የለም።»

«ከአንጋጫ ድረስ የመጣ አማት ፊት ባዶ ብርጭቆ ይዤ ልቁምልህ? ያለችኝ አንድ ልጅ ናት እኮ ወልዴ!»

ሴትዮዋ አሳዘኑኝ። ሠርግ ላይ መጠጥ ሲጎድል ወንዱን የሚያማው የለም፤ ዓመት ሙሉ ስሟ የሚነሣው የቤቱ እመቤት ናት። ግን እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊ ደግሞ ሐዘኑን አይመዘግብም።

ከሆመቾ የመጣ ገብስ ብቅል ሆነ፣ ተፈጨ፣ ተቀቀለ። ጌሾ ገባበት፤ ጋሽ ወልደ ሰንበት ግን መዝገብ ላይ በፈረንጅ አፍ «ሆፕስ» ብለው አሰፈሩት። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ቢራው ተጣርቶ በቢጫ ጀሪካን ተሞላና ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። እትዬ ትርፊት ደግሞ ለጠርሙስ ማለቅለቂያ ውሃ አፍልተው አቀዝቅዘው በሌላ ቢጫ ጀሪካን አጠገቡ አስቀመጡ። እንዳይምታታ አንዱ ላይ ጨርቅ ልሰር ቢሉ ባለቤታቸው ተቆጡ። ጨርቅ ሕጋዊ መለያ አይደለም። በምትኩ ጀሪካኖቹ ላይ 001 እና 002 የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ማኅተም ስላልነበረ በእስክሪብቶ ክብ ተሣለበት።

የማሸጊያው ጊዜ ሲደርስ የጥራት አረጋጋጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ስለሆነ መጠጥ በአፋቸው አይዞርም። ምክትላቸው ጎረቤታችን ባለሱቁ ጁነዲን ነው፤ ሙስሊም ነው። አባሉ መምህር ሚክያስ የጴንጤዎች ሽማግሌ ነው፤ እንኳን ሊጠጣ የቢራ ማስታወቂያ ሲመጣ ቻናል ይቀይራል። እኔ የጨጓራ መድኃኒት ላይ ነበርኩ። ቢራ ለማረጋገጥ ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ አካል በዞኑ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ቅዳሜ ዕለት፣ እትዬ ትርፊት ቅዳሴ እንደሄዱ፣ ስልሳ ባዶ ጠርሙስ ግቢ ውስጥ አስደርድረን ዕቃ ቤቱን ከፈትን።

«የትኛው ነው ቢራው?» አለ ጁነዲን።

«መዝገብ ይታይ» አሉ ሰብሳቢው።

መዝገቡ ታየ። ቁጥር 001፣ ፈሳሽ፣ ሃያ ሊትር። ቁጥር 002፣ ፈሳሽ፣ ሃያ ሊትር።

ከሁለቱም በብርጭቆ ቀዳን። 001 እንደ መስታወት የጠራ ነው። 002 ቡናማ ሆኖ አረፋ አለው።

«ቢራው ይሄ ቡናማው አይመስላችሁም?» አለ ሚክያስ ፈራ ተባ እያለ። «ጌሾ ጌሾም ይሸታል።»

«ጌሾ ሁለት ሳምንት የከረመበት ክፍል ምን እንዲሸት ነው የምትፈልገው?» አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት። «ቡናማው የጣሪያ ውሃ ነው። ዝገት ነው። አረፋው ሳሙና ነው። ቢራው ግን ሦስት ጊዜ ተጣርቷል፤ ጥራት ማለት መጥራት ነው!»

«እንዲያው አንዳችን ቅምስ ብናደርገውስ?» አልኩ።

ሁላችንም ተያየን። ከዚያ በየተራ ጾማችንን፣ ሃይማኖታችንንና ጨጓራችንን አስታወስን። ስለዚህ ጉዳዩ በድምፅ እንዲወሰን ሆነ፤ 001 አራት ለዜሮ በሆነ ድምፅ ቢራ መሆኑ ጸደቀ። በ002 ስልሳውንም ጠርሙስ አለቅልቀን፣ የተረፈውን ቦይ ውስጥ ደፋነው።

እትዬ ትርፊት ተመልሰው መጡና የወንድ እጥበት ስለማያምኑ ጠርሙሶቹን እንደገና በቧንቧ ውሃ ማጠብ ጀመሩ።

«ምነው እነዚህ ጠርሙሶች ቢራ ቢራ ሸተቱኝ?»

«የቢራ ጠርሙስ ምን እንዲሸት ፈለግሽ?» አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት።

ሰኞ ዕለት ጋዝ እንዲፈጥር በየጠርሙሱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምረን 001ን ሞላን። በያጅ በሠራልን መግጠሚያ ቆርኪው ተመታ። የተረፈ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ከዚያ ኮሚቴው ስለ ጣዕሙ ተወያየ።

«ምሬቱ አይበዛም ብላችሁ ነው?» አለ ጁነዲን።

«በፍጹም!» አለ ሚክያስ፤ ቢራ በሕይወቱ ቀምሶ በማያውቅ ሰው እርግጠኝነት።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ጣዕሙ እጅግ አመርቂ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምን። እትዬ ትርፊት በሩ ላይ ቆመው «ማን ቀመሰው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ስለነበር አልተመዘገበም።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ሞላ። የሙሽራው ወገኖች አብዛኞቹ ጴንጤዎች ስለሆኑ እንደ ልማዳቸው ለስላሳ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመሃላቸው ቢራ ወዳጅነታቸውን የማይደብቁ አንድ ሰው ቢኖሩ የሙሽራው አጎት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ጋሽ ወልደ ሰንበት አጭር ንግግር አደረጉ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በገዛ እጃቸው ከፍተው ለጋሽ ሽብሩ ቀዱ።

ጋሽ ሽብሩ ብርጭቆውን አዩት፤ ጎንጨት አሉ። ጠርሙሱን አዩት። ደግመው ጎንጨት አሉ።

«አማቻችን» አሉ በትሕትና፣ «ይሄ ውሃ ነው።»

«ቢራ ነው! ቃለ ጉባኤ አለው!»

«ስኳር ያለበት ውሃ ነው።»

እትዬ ትርፊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሶስና ከሙሽራ ወንበሯ ብድግ አለች። እኔ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ፊርማዬ አለበት።

ይኼኔ መምህር ሚክያስ ተነሣ።

«ይቅርታ ጋሽ ሽብሩ፣ እርግጠኛ ነዎት? አልኮል የሚባል ጠብታ የለበትም?»

«ምነው በኖረበት፣ ወንድሜ!»

«እንግዲያውስ ለኔም አንድ ክፈቱልኝ!»

ጁነዲን ግን ከፋች አልጠበቀም፤ እንደለመደ ሰው በጥርሱ ከፈተው። ከዚያ ዳሱ ተናጋ። በየሠርጉ ከልጆች ጋር ለስላሳ ሲጠጡ የኖሩ የተከበሩ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የቢራ ጠርሙስ ጨብጠው አጋጩ። መዘምራኑ ሳይቀሩ ተሰልፈው ወሰዱ። «ቀዝቃዛ ነው!» «ኃይለኛ ነው!» ተባባሉ። ፎቶ ተነሡ። ስልሳው ጠርሙስ በግማሽ ሰዓት አለቀ፤ ጋሽ ሽብሩ ራሳቸው «መቼስ፣ ጠዋት ራስ አያሳምምም» ብለው ሦስተኛውን ከፈቱ። እትዬ ትርፊት እንባቸውን ሳይጠርጉ በሣቅ ፈረሱ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ተነሥተው፣ የሁሉንም እምነት ያማከለ ቢራ ማምረት ከመጀመሪያውም የዕቅዱ አካል እንደነበረ አብራሩ። በሳምንቱ ከዳምቦያ የሁለት ሠርግ ጥያቄ መጣ። ሁለተኛው ዙር ምርት ተጀመረ፤ ኮሚቴውም ለጥራት ምርመራ ተሰበሰበ።

ችግር የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አሁን ሁላችንም መቅመስ እንችላለን። ሚክያስ በጣም ጣፍጧል ይላል፤ ጁነዲን ስኳር አንሶታል ይላል፤ ሰብሳቢው የበፊቱ ይሻል ነበር ይላሉ፤ እኔ ምንም ጣዕም አላገኘሁበትም። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስት ጊዜ ተኳርፈን ተለያየን። ደግነቱ ትናንት ሁነኛ መፍትሔ ተገኝቷል። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል፣ ከእንግዲህ ማንኛውም የኮሚቴ አባል እንዳይቀምስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።