የበቅሎዎቻችን ዝርዝር በስልክ ላይ ምን ይምሰል በሚለው ጉዳይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የላይ ሰፈር በቅሎ አከራዮች ማኅበር የኮሚቴ ስብሰባ፣ ደባርቅ

ቀን፦ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ቦታ፦ የማኅበሩ ጭድ ቤት (የቢሮው ቁልፍ ስለጠፋ)
የተገኙ፦ አያ ዳኛው (ሰብሳቢ)፣ አቶ ባምላክ፣ ወ/ሮ የትነበርሽ፣ እኔ ጸሐፊው ዕንባቆም። ዝርዝሩ የሚታይበትን የስልክ አፕ የሠራችልን ወ/ሪት ሄለን ያለ ድምፅ መብት ተገኝታለች።
ያልተገኙ፦ አቶ አምባቸው። ለቅሶ ላይ ነኝ ብለዋል፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ አልተናገሩም።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የወ/ሮ የትነበርሽ አቤቱታ

ወ/ሮ የትነበርሽ እንዳስረዱት፣ እንግዳ በስልክ እያየ መምረጥ ከጀመረ ወዲህ በቅሏቸው ዳማ አምስት ሳምንት ሙሉ አልተጫነችም። "ምነው፣ እኔስ የማሳድገው ልጅ የለኝም? ያለችኝ እሷው ናት። እንዲህ ቆማ ከበላች መሸጤ ነው" ብለዋል። ሰብሳቢው ጉዳዩ እጅግ ያሳዝናል ካሉ በኋላ ወደ አጀንዳ 2 ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ የዝርዝሩ መልክ

ወ/ሪት ሄለን እያንዳንዷ በቅሎ በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር እንዳላት፣ የመስመሩ ቀለም፣ የፊደሉ መጠንና ፎቶው እንደተፈለገ ሊቀየር እንደሚችል ገለጸች። ይህን ባትናገር ኖሮ ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ባለቀ ነበር።

አያ ዳኛው፣ ሰብሳቢ በመሆናቸው፣ የእሳቸው መስመር ቀይ እንዲሆን ጠየቁ። አቶ ባምላክ ቀይ ለሰብሳቢ ብቻ ነው የሚል በደንቡ ላይ እንደሌለ ጠቅሰው የእሳቸውም ቀይ ሆኖ ኮከብ እንዲጨመርበት አሳሰቡ። አያ ዳኛው ሁለት ኮከብ አሉ። እኔም ለጸሐፊ አንድ ዘውድ እንደማይበዛ በትሕትና ገለጽኩ። በዚህ ጊዜ የተባልኩት ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም።

ወ/ሪት ሄለን በአቶ ባምላክ ፎቶ ላይ አቶ ባምላክ በሙሉ ልብስ ቆመው እንደሚታዩ፣ ከበቅሎዋ ግን የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ እንደሆነ ጠቆመች። አቶ ባምላክ እንግዳ የሚዋዋለው ከሰው ጋር ነው በማለት ተቃውመዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ባለ ኮከብና ባለ ዘውድ እንዲሆን ተወሰነ። የአቶ አምባቸውም ኋላ እንዳያስቸግሩን ቀይ ሆነ። ወ/ሮ የትነበርሽ ሲጠየቁ "ጌጥ አልጠየቅሁ፣ ሥራ ነው የጠየቅሁ" በማለታቸው የእሳቸው ባዶውን ነጭ ሆኖ እንዲቀር በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ወ/ሪት ሄለን እዚያው አስተካክላ ለእንግዶች ከፈተችው።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎንደር ያደሩ እንግዶች ዳማን ለአራት ቀን ያዟት። ወ/ሪት ሄለን ደውላ ምክንያቱን ስትጠይቅ፣ ቀዮቹ ማስታወቂያ መስለዋቸው እንዳለፏቸውና በዝርዝሩ ያገኙት በቅሎ አንድ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። ወ/ሮ የትነበርሽ ከደስታቸው የተነሣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሸጋ ስብሰባ ነው ብለውም ዳማን ሊጭኑ ተነሡ።

ወዲያው አያ ዳኛው በአጀንዳ 2 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ የአባላቱም መስመር በሙሉ ባዶውን ነጭ እንዲሆን አቀረቡ። ያለ ውይይት በሦስት ድምፅ ጸደቀ።

ወ/ሮ የትነበርሽ ከበሩ ተመልሰው "እንግዲያውስ የእኔን ቀይ አድርጉልኝ" ብለዋል።

ስብሰባው ከረፋዱ 5፡40 ላይ ተበተነ።