የድህነቴ ምስክሮች

ሰው ሃምሳን ሲያልፍ ወሬው ይለወጣል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በጉብዝናው ስለ ቆንጆ፣ በጎልማሳነቱ ስለ ቤትና ስለ ልጅ ትምህርት ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግበት ጨዋታው ሁሉ ወገብ፣ ጉልበትና ኩላሊት ይሆናል። እኛ መሥሪያ ቤት ግቢ አንድ ትልቅ ጥድ ነበረ። በምሳ ሰዓት ከሥሩ የምንሰበሰበውን ጡረታ የቀረበንን ሰዎች የሰማ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዝን እንጂ የመንግሥት ሠራተኞች አንመስለውም። አንዱ ስኳሩን ያነሣል፣ ሌላው ሪሁን፣ እኔ ደግሞ ግፊቴን። አንድም በሽታ የሌለው ሰው ከመሀላችን ቢቀመጥ የሚለው አጥቶ ቶሎ ይነሣ ነበር።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን ማለቴ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላው “በቃህ፣ ዕረፍ” ይባላል። ማረፉስ ባልከፋ፤ ጣጣው ሌላ ነው። በሥራ ላይ ሳለን ስንታመም መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ይጽፍልናል፣ ደብዳቤዋን ይዘን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ መድኃኒታችንንም በመስኮት ተቀብለን እንመለሳለን። ጡረታ የወጣን ዕለት ግን ደብዳቤዋም አብራን ጡረታ ትወጣለች። ስለዚህ ብልህ ሰው ቀኑ ሳይደርስ “ከእንግዲህ ማን ያሳክመኛል?” ብሎ መምረጥ አለበት። ከጥዱ ሥር ደግሞ ምክር ሞልቷል። ልጆችህ ይላኩልህ የሚል አለ፤ ልጅ ግን መድኃኒት የሚልከው የአባቱ በሽታ ትዝ ሲለው ነው። ሁሉን ትተህ ጠበል ግባ የሚልም አለ። ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት አውጣ የሚለው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነው፤ ያቺ ወረቀት የምትሰጠው ለድሃ ነዋ።

ጎንደርን ታውቋት እንደሆነ፣ ጦሙን ያደረ ሰው ጠዋት ከደጁ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ “የትናንቱ ሥጋ አስቸገረኝ” የሚልባት አገር ናት። ማጣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ መታወቁ ነው። እኔም የዚያው አፈር ነኝ፤ ሌላ ምን ልሆን ኖሯል?

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርኩ የጡረታዬን ደብዳቤ ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔው ነኝ። በገዛ እጄ ከገቢ መዝገብ ላይ ጻፍኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከራሴ ፋይል ውስጥም አስገባሁት። ሦስት ወር ቀርቶኛል ይላል። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ መጀመሪያ ያወራሁላት ስለ ዝናቡ ነበር። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ፊቴን ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ ዝናቡን አስጨርሳ “ስንት ወር ቀረህ?” አለችኝ።

ጥሩወርቅ የፈራችው ጡረታውን አይደለም፤ የኪኒኔን መቋረጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የምውጣት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነጭ ኪኒን አለች። ካቻምና “ተሽሎኛል” ብዬ ተውኳትና በወሩ ከመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ተዘርሬ ተገኘሁ። ሐኪሙ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እኔን ትቶ ጥሩወርቅን ወደ ጎን ጠራና “ይህችን ኪኒን ደግሞ ቢያቋርጥ ሁለተኛ ላይነሣ ይችላል” አላት። ከዚያ ወዲህ ስውጥ ቆማ ታያለች፤ ከዋጥኩም በኋላ አፌን ታስከፍተኛለች። የጡረታዬ ገንዘብ ከእህል ተርፎ መድኃኒት እንደማይገዛ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብለን አንናገረው እንጂ።

“ቀበሌ ሂድና ወረቀቷን አውጣ” አለችኝ አንድ ቀን።

ድሃ ነኝ ብዬ? በዚህ ዕድሜዬ? ስንት ዓመት በከረባት የኖርኩ ሰውዬ? እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። አስጨረሰችኝ።

“ድሃ መባል አይገድልም” አለች። “ግፊቱ ግን ይገድልሃል። እኔ ደግሞ ከረባትህን ታቅፌ መቅረት አልፈልግም።”

ሄድኩ። የቀበሌው ደንብ ኑሮህን የሚያውቁ ሦስት የሰፈር ምስክሮች አቅርብ ይላል። እኔም እንደማንኛውም ሰው የሚወዱኝን መረጥኩ። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ለድህነት መጠራት ያለበት ጠላት ነበር። ጠላት ቢሆን “ኧረ እሱ ምን አለውና!” ብሎ በአንድ ቃል ይገላግለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ምስክሬ ጎረቤቴ አያ ተገኘ ነው። ሸማኔ ነው፤ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤልን የምንዘክርበት የጽዋ ማኅበራችን ሙሴም፣ ማለት አለቃችን፣ እሱ ነው። ሁለተኛው መሪጌታ ክንፉ ናቸው፤ የማኅበሩን ጸሎት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛዋ ዘነቡ ናት፤ ከግድግዳችን ማዶ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ እሷም የማኅበራችን ሰው። ሦስቱንም በየቤታቸው ሄጄ አስረዳኋቸው። ሦስቱም “ምን ችግር አለው፣ ሸጋ ነው” አሉኝ።

እሑድ ከስብሰባ በኋላ ቀበሌ አዳራሽ ቀረብን። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ይህን ማለት መቻል በራሱ አንድ ነገር ነው። ቀይ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ አያ ተገኘን ስለ እኔ “ጓድ በላይ የመታከሚያ አቅም አለው ወይስ የለውም?” ሲል ጠየቀው። አያ ተገኘ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሰማው ሲያውቅ አንድ ነገር ውስጡ ሲለወጥ እኔ ከተቀመጥኩበት ታየኝ።

“ማን? በላይ?” አለ። “ምነው ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ቆመን ነው በላይ ድሃ የሚባል?”

ከዚያ ማን ያቁመው። ባለፈው ጥቅምት የማኅበሩ ተራ የእኔ በነበረ ጊዜ ከማክሰኝት ያስመጣሁትን በግ ላቱን በክንዱ እየለካ አሳየ። ጠላው የቀሃን ወንዝ ያህል ነበር አለ። ያ ድግስ በስንት ብድር እንደተደገሰ የምናውቅ እኔና ጥሩወርቅ ብቻ ነን፤ ግን ይህን ቆሞ ማስረዳት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ሊቀመንበሩ ግራ ተጋብቶ ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታም መጽሐፍ “ብፁዓን ነዳያን በመንፈስ” ይላል ብለው ጀመሩ፤ አቶ በላይ በመንፈሱ ነዳይ ለመሆኑ እመሰክራለሁ፣ ከዚያ በግ ቀምሼ ሳበቃ በሥጋውም ነዳይ ነው ብል ግን የገዛ ሆዴ ይታዘበኛል አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም።

ተስፋዬ ዘነቡ ላይ ቀረ። ማጣትን የምታውቅ ሴት ናት፤ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም ብዬ ነበር። ተነሣች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

“ባሌ የሞተ ጊዜ” አለች፣ “እስከ አርባው ድረስ የዚህ ሰው ቤት መሶብ አንድ ቀን ሳይቀር እኔ ቤት ገብቷል። እሱ ድሃ ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው?”

ያንን ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መቆጣት ሲገባኝ ልቤ ሞላ። ሰው እንዲህ የሚነገርለት ሬሳው ፊት ለፊት ተኝቶ ነው፤ እኔ ግን ተቀምጬ በጆሮዬ ሰማሁት። ያን ሰዓት ግፊቴ ቢለካ ኖሮ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ግፊት ይገኝ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ሊቀመንበሩ፣ ደግ ሰው ነውና፣ አንድ የመጨረሻ በር ከፈተልኝ።

“እርስዎ ራስዎስ ምን ይላሉ፣ ጓድ በላይ?”

“የለኝም” ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ከኋላዬ ጥሩወርቅ ጎኔን ስትቆነጥጠኝም ተሰምቶኛል። ተነሣሁ፣ ከረባቴን አስተካከልኩ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አልኩ፣ “የጎደለብኝ ነገር የለም።”

እግዚአብሔርን በዚያ አዳራሽ ማንሣት የሚወደድ ነገር አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ ግን እንዳልሰማ ሆኖ “አቅም አለው” ብሎ በቀዩ ጻፈ። ቤት ስንደርስ ጥሩወርቅ በሩን ከፍታ “ግባ እንጂ፣ ሀብታሙ” አለችኝ፤ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ከ“ብላ” እና ከ“አፍህን ክፈት” በስተቀር ቃል አልወጣትም። እኔን አኩርፋ ከዘነቡ ጋር ግን በግድግዳው በኩል ስታወራ ትውል ነበር። የስም ነገር እንዲህ ነው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣ እኔ ግን ስሜን ይዤ ወደ መቃብሩ ራሱ መንገድ ጀምሬ ነበር። ይህን ማሰብ የጀመርኩት ከሳምንቱ በኋላ፣ ኪኒኖቼን ከብልቃጧ ዘርግፌ ስቆጥር ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ።

አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። የወሩ ተራ የአያ ተገኘ ነበር። የእኛ ማኅበር ጽዋ ወለቃ መንደር የተሠራች ሸክላ ናት፤ ዝክሩ ሲያልቅ ባለተራው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባታል። ያን ቀን አያ ተገኘ ጽዋዋን ጠቀለለና ሳያስረክብ ወደኔ ዞረ።

“በሰው ፊት ድሃ ነው ልልህ አፌ እምቢ አለኝ” አለ። “ዛሬም ቢጠይቁኝ አልልም። ኪኒንህን ግን አናስቀርብህም። የሐኪሙ ማዘዣ የታለ?”

ቤት ቀርቷል ልል ስል ጥሩወርቅ ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው። ለካ የሳምንቱ የግድግዳ ወሬ ይኼ ኖሯል። አያ ተገኘ ማዘዣዋን አጣጥፎ ከጽዋዋ ጋር በነጩ ጨርቅ ጠቀለላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽዋዋን የተረከበ ማዘዣዋንም ይረከባል፤ ወሩ ሲደርስ ከዳቦው አጠገብ የኪኒን ብልቃጥ ይቀመጣል። ማንም ስለ ብልቃጡ አያነሣም፤ እኔም አላነሣም። ዐሥራ ሁለት ነን፣ ዓመቱም ዐሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜን ራሴ እችላታለሁ። ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ ስቆ ማዘዣዋን ያድስልኝ ጀመር። የመሪጌታ ተራ ሲሆን ከብልቃጡ ጎን አንድ ጠርሙስ ጠበል ይጨመራል። ስንዱ ሰው ናቸው፤ “ኪኒኑን በጠበሉ ዋጠው” አሉኝ፣ ዋጥኩት።

በዚህ ሁኔታ ሁለት የጡረታ ዓመታት በሰላም አለፉ። ከዚያ አያ ተገኘ ስኳር ተገኘበትና ሽመናው ቀርቶበት፣ የቀበሌዋን ወረቀት ሊያወጣ ለምስክርነት ጠራኝ። “የሚወድህን አታምጣ” ብዬ መከርኩት። አልሰማኝም፤ ቢሮ የኖርክ ሰው ነህ፣ አንተ ታውቅበታለህ አለኝ። ጥሩወርቅ ሳምንት ሙሉ አለማመደችኝ። “አቅም የለውም”፣ ሁለት ቃል። ጠዋት ኪኒኔን ስውጥ አሰኝታኝ ነው አፌን የምታየው። የአያ ተገኘ ነገር እንደ እኔው የሞት የሽረት መሆኑን አውቄያለሁ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ያው አዳራሽ፣ ያው ሊቀመንበር፣ ያው ቀይ እስክሪብቶ። ጥያቄውም ያው ነው። ተነሣሁ። አያ ተገኘ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጋቢውን ራሱ የሸመነው ነው፤ ጥለቱን ወደ ሰው አዙሮታል፤ እኔን አያየኝም፣ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ሁለቱን ቃሎች ይዣቸዋለሁ። አፌን ከፈትኩ።

“ማን?” አልኩ። “አያ ተገኘ?”

ሊቀመንበሩ የቀረውን አልጠበቀም፤ አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ከኋላዬ ጥሩወርቅ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ “በል አያ ተገኘ፣ ማዘዣውን ወዲህ በለው” ስትል ሰማኋት።