ለካፒቴን ጎሹ ሽማግሌ የሄድን ዕለት

ጎረቤት የሚባል ነገር መቼም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሬዲዮ ያስጮህብሃል። አንዱ ገና ሳይነጋ ወንበር ይጎትትብሃል። ከእኛ በላይ ያሉት ጎረቤታችን ግን ዓለም ነው የሚፈጥሩት። ቀልዴን አይደለም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ና፣ የእትዬ ሙሉን ቤት ጠይቅ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያሳይሃል።

እትዬ ሙሉ ክር ፋብሪካ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ጉሊት ላይ ሽንኩርት ሲመርጡ ብታያቸው መንግሥት ይገለብጣሉ ብለህ አትጠረጥርም። ይገለብጣሉ ግን። ወጥ ጥደው ነው የሚጽፉት። ምስሩ እስኪበስል አንዱ ንጉሥ ይወርዳል፣ ሌላው ይነግሣል። ጦርነት የገባ ቀን ደግሞ ወጡ ያርራል። ደረጃውን የማረር ሽታ ሲሞላው፣ «ዛሬ ደም ፈሷል» እንባባላለን።

ሰው አንድ ነገር ከሆነለት እሱኑ አይደል ሲደጋግም የሚኖረው? እሳቸው እንደዚያ አይደሉም። ተከታታይ ልብ ወለድ ይጽፋሉ፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ሮቦቶች እድር ያቋቋሙበት አለ፤ ባትሪው ያለቀበትን ድንኳን ጥለው በወግ በማዕረግ ይቀብራሉ። ዘመን የሚሻገር የታክሲ ረዳት ያለበት አለ። ወደ ኋላ ሄዶ ጋሪ ላይ ሰው ይጭናል፤ ወደ ፊት ሄዶ በሚበር ሚኒባስ ይጭናል። የትኛውም ዘመን ላይ ግን ዝርዝር የለውም። እነዚህ ሁለቱ አልቀዋል። ሠፈሩን ለሁለት የከፈሉት ያላለቁት ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው የልዕልት ዘርፌ ነው። ዘርፌ ከአቃቂ ወንዝ ሥር ያለ መንግሥት ወራሽ ናት። ተቆጥታ ያየችውን ሰው ድንጋይ ታደርገዋለች። ባለቤቴ ዘሀራ የዘርፌ ወገን ናት። እንዲያውም አንዳንዴ እኔን የምታየኝ አስተያየት ከዚያ የተማረችው ነው።

ሁለተኛው የእኔ ነው፤ ካፒቴን ጎሹ። ከምድር ወደ ማርስ ጭነት የሚያመላልስ የጠፈር መርከብ ነጂ ነው። ሌሎች የጠፈር ታሪክ ሲጽፉ ተኩስ በተኩስ ነው። ጎሹ ግን ጨረቃ ላይ ጉምሩክ ሰልፍ ይዞ ይውላል። ወረቀቱ አንድ ማህተም ጎድሎታል፤ ማህተም የያዘው ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ገብቷል። እኔ ደግሞ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነኝ። ይሄን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። የሚተቹት አሉ፤ ጉረኛ ነው፣ ወሬ ያበዛል ይሉታል። ጉራ አይደለም፤ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። ወሬም አያበዛም፤ ያስረዳል እንጂ። ይሄን ይሄን ለዘሀራ ሳስረዳት አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጎሹን ስለማትወደው ነው እል ነበር።

እንዲህ በሰላም እየኖርን አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ደረጃው ላይ እትዬ ሙሉን አገኘኋቸው። ሰላም ከተባባልን በኋላ፣ «ሰይድ፣ ጎሹን ልገድለው ነው» አሉኝ። ዶሮ ላርድ ነው እንደማለት፣ እንዲያው በቀላሉ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩ። ነገሩ ለካ አሳታሚያቸው የወረቀት ዋጋ አልቻልኩትም፣ ከእንግዲህ ሁለቱንም ማተም አይሆንልኝም፣ አንዱን ጨርሺውና በአንዱ ቀጥዪ ብሏቸዋል። የዘርፌ አንባቢ ይበዛል። ስለዚህ የጎሹ መርከብ ፍሬን አልይዝ ብሎት ፀሐይ ውስጥ ይገባል።

ፍሬን? ጎሹ ፍሬኑን ሳያይ ነው የሚነሳው? ሰው እንዴት ይሄን ያህል ዓመት አብሮት ኖሮ አያውቀውም? እንደዚህ ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ግን እንደምትወደው አውቃለሁ፣ እኔም ወድጄ አይደለም ብለው ወጡ። ምሳ ቀርቦልኝ እምቢ አለኝ። ዘሀራ ሰው ሞተብህ ወይ ብትለኝ፣ ሊሞትብኝ ነው አልኳት።

በማግስቱ ጭነት ነበረኝ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሄድኩ። ሚዛን ጋ ተሰልፌ ተራዬን ስጠብቅ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሰልፍን አትናቀው፤ ለማሰብ እንደሱ ያለ ቦታ የለም። ለምን አይጋቡም? ጎሹና ዘርፌ ከተጋቡ ሁለቱ ታሪክ አንድ ይሆናል፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ወረቀት። ደግሞስ አማች ሆኖ የገባን ሰው ፀሐይ ውስጥ የሚጨምር ማን አለ? ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ጡሩንባ ነፋሁ። ከፊቴ ያለው ሹፌር በእሱ ላይ የነፋሁ መስሎት ተሳደበ።

ቤት ስመለስ ለዘሀራ ነገርኳት። «ዘርፌን? ለሹፌር?» አለች። ደሜ ፈላ። «አንቺስ ለማን ነው የተዳርሽው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሻይ ቀዳችልኝ፤ በእሷ ቋንቋ ተስማምቻለሁ ማለት ነው።

ጋብቻ ያለ ሽማግሌ አይሆንም። መጀመሪያ የሄድኩት አባባ ገመቹ ጋ ነው። አባባ ገመቹ የሠፈሩ ነባር ገበሬ ናቸው፤ ብሎካችን የቆመበት መሬት የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ስንትና ስንት ጠብ ያበረዱ፣ ስንቱን የዳሩ ሰው ናቸው። የጎሹን ታሪክ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። የመጽሐፍ ሰው ነው እንጂ እውነተኛ አይደለም ብዬ ልጀምር ስል፣ እሱን ተወው፣ ልጁ ይጠጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጠፈር ላይ መጠጥ የለም አልኳቸው። ጥሩ ነው አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ የፊዚክስ አስተማሪው ጎረቤታችን መምህር ታደሰ ነው። እሱ የመርከቡ ነዳጅ በስሌት ማርስ አያደርስምና ይስተካከልልኝ ብሎ እንደ ውለታ ጠየቀኝ። ለድርድር ይቀርባል አልኩት። ሦስተኛው እኔው ነኝ።

እሑድ ጠዋት ለባብሰን ወጣን። እትዬ ሙሉ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሉ ማን ይቀመጣል? ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን በር ላይ ቆምን። ሴትየዋ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና እንደ ልጅ አባት ኮስተር ብለው ቆሙ። አባባ ገመቹ በዱላቸው ተደግፈው፣ «ልጅሽን ዘርፌን ለልጃችን ለጎሹ እንድትሰጪን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ። እትዬ ሙሉም ልጄ ገና ናት፣ ከውሃ ሥር መንግሥት አለባት፣ ልጃችሁ ደግሞ ቤቱ አያድርም አሉ። እኔ ጎሹን አሞገስኩ። ጎማ በራሱ እጅ ይቀይራል፣ ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ አያልፍም፣ ጭነት ጎድሎበት አያውቅም አልኩ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። በቃ፣ ጎሹ ተረፈ አልኩ በልቤ።

ይሄን ጊዜ አባባ ገመቹ ዱላቸውን ጠቅ አደረጉ። «ዘር ይቆጠር» አሉ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር እሳቸው አጋብተው አያውቁም። ጥሩ፣ ይቆጠር። የልጅቷ ወላጅ ማነው አሉ። እኔ ነኝ አሉ እትዬ ሙሉ። የልጁስ ወላጅ?

እኔ መምህር ታደሰን አየሁት፣ መምህር ታደሰ ጣሪያውን አየ። ሁለቱንም የፈጠሩት እኚሁ ሴትዮ አይደሉ? አባባ ገመቹ እህትና ወንድም ለማጋባት ደረጃ አልወጣሁም፣ በዚህ ዕድሜዬ አታዋርዱኝ ብለው ወደ ደረጃው ዞሩ። ማዳኛ ገመድ አበጀሁ ብዬ ለልጁ ማነቂያ ይዤለት መጣሁ። የራሴ ሽማግሌ ጎሹን ሊገድልብኝ! ለምኜ እጃቸውን ያዝኩ።

እትዬ ሙሉ ግን መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ሲያባራ፣ «አባባ ይቀመጡ፤ ዘርፌ የእኔ ናት፤ ጎሹ ግን የእኔ ልጅ አይደለም» አሉ። የማን ነው ታዲያ? በጣታቸው ወደ እኔ። ይሄው አባቱ አጠገብዎ ቆሟል አሉ።

እኔ?

ከዚያ ዘረዘሩት። መኪናዬን ከመስኮታቸው ሥር አቁሜ ሳጥብ ለሰው የማወራውን ሁሉ እየሰሙ ነው ለካ የሚጽፉት። ማህተም የያዘው ሰውዬ ስብሰባ የገባው በእኔ ላይ ነው። ሚዛን ላይ አላግባብ ከብደሃል ተብሎ፣ እንዲቀል ሱሪዬን ላውልቅ ያለው ጎሹ እኔ ነኝ። በረሃ ላይ ሦስት ፍየል ጋቢና አሳፍሬ ያደርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ፍየሎቹን የማርስ እንስሳት ብለዋቸዋል። ሳነበው ሹፌር ሁሉ እንደዚህ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። መምህር ታደሰን አንተ ታውቅ ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ ከአንተ በቀር የማያውቅ የለም አለኝ። የዘሀራም ነጠላ ሳቅ መደበቂያ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ላፍር ይገባኝ ነበር። አላፈርኩም። ደረቴ ሰፋ፣ ቤቱ ጠበበኝ።

አባባ ገመቹ ተመልሰው፣ እንግዲያው ቁጠር አሉኝ። ቆጠርኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፤ ወደ መጨረሻው ጠፋብኝ። ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ። ለምን ፈለግከው አለኝ። ልጄን ልድር ነው አልኩት። ልጅህ ሕፃን አይደለም ወይ አለ። እሱን ሳይሆን ጠፈር ላይ ያለውን ነው አልኩት። የጠፋብኝን ስም ነገረኝና ዱዓ አደረገልኝ። እትዬ ሙሉም የእሳቸውን ቆጠሩ፤ የትም አይገናኝም። ልጅቷ ክርስቲያን ልጁ እስላም የሚል ይነሳል ብዬ ትንሽ ፈርቼ ነበር። ማንም አላነሳውም። እኔማ ወሎዬ ነኝ፤ እኛ ቤት ግማሹ አማች እንደዚያው ነው።

ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል አባባ ገመቹ ወዴት ነው አሉ። የልጅ አባት ሽማግሌ አይሆንም፤ ውጣ። ሐሳቡ የእኔ፣ ልጁ የእኔ፣ ተባራሪውም እኔ። ወጣሁና ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ የሚሰማኝ የመምህር ታደሰ ነዳጅ ብቻ ነው። የሠፈሩ ሰው አንድ ሁለት እያለ ደረጃውን ሞላው፤ የዘርፌም የጎሹም ወገን። ዘሀራም መጣች፣ አጠገቤ ቆማ ክንዴን ያዘች። እውነት ለመናገር የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ እንደዚያ አልጨነቀኝም።

በሩ ተከፈተ። «ሰጥተናል» አሉ እትዬ ሙሉ። እልልታው ከምድር ቤት እስከ ላይ ደረሰ። ጥሎሹን ጠየቅኩ። ወርቅም ልብስም አይፈልጉም፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ ስመለስ ቁጭ ብዬ የገጠመኝን እንዳወራላቸው ብቻ ነው። እኔን አውራ ብሎ ጥሎሽ! በነፃ እንኳ ዝም የሚያሰኘኝ አልተገኘም።

መጽሐፉ ወጣ። አሳታሚው ተደሰተ፤ ሁለቱም ወገን ተሻምቶ ገዛው። የኮዬ ፈጬ ሰው ሳይቀር አውቶቡስ ላይ ሲያነበው በዓይኔ አይቻለሁ። ጎሹ ጨረቃ ላይ ተሞሸረ። ዘርፌ ማህተም ያዡን ተቆጥታ አየችውና ድንጋይ አደረገችው፤ ጭብጨባ ነው። ነዳጁም ተስተካክሏል። ሹፌር ሆኜ እንደዚያ አንገቴን ቀና አድርጌ የሄድኩበት ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ብቻ። ሠርጉ ላይ የሙሽራው አባት የለም። ገጹን አገላብጬ ፈለግኩ። ለካ ከሠርጉ በፊት ፍሬን እምቢ ያለውን መርከብ ከልጁ እጅ ተቀብሎ፣ «አንተ ሙሽራ ነህ፣ ውረድ» ብሎት፣ ራሱ ነድቶ ፀሐይ ውስጥ ገብቷል። እትዬ ሙሉ ጋ ሮጬ ወጣሁ። ለአንባቢ ሞት አለ ብዬ አስቀድሜ ቃል ገብቼ ነበር፣ ልጅህ ከሚሞት ብዬ ነው አሉኝ። ምን ይባላል? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ሠፈሩ ለቅሶ ደረሰኝ። አባባ ገመቹ እጄን ጨብጠው ጥሩ አሟሟት ነው አሉ።

ዘሀራ ያቺን ገጽ ስታነብ ግን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀምጬ ሻዬን እየጠጣሁ ነው። አለሁ እኮ አልኳት። ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል፣ «ዝም በል» አለችኝ። «የጎሹ አባት እንደ አንተ አልነበሩም።»