አሥራ አራት ቀኝ ገፊ

[ጆርጂያ፣ በኢሜሬቲ ክፍለ ሀገር አንድ መንደር። ጥቅምት ነው፤ ለቀትር ጥቂት ቀርቷል። ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ቫርላም በግቢው የወይን ጭራሮ አንድዶ ፍሙን ይጠብቃል። ጎረቤቱ ቢቺኮ የአሳማ ሥጋ በሽንኩርትና በሮማን ጭማቂ ያሻል። ቢቺኮ ከአራት ዓመት በፊት የዚህን መንደር ሴት አግብቶ የገባ ሰው ነው። ግራጫ የሱፍ ቆቡን ጆሮው ድረስ ደፍቶ ክረምት ከበጋ አያወልቅም። ቫርላምን በአክብሮት «ባቶኖ»፣ ጌታዬ፣ ይለዋል። ስለ አገሪቱ የራግቢ ቡድን መከራከር ከጀመሩ ቆይተዋል።]

ቫርላም፦ እውነቱን ልንገርህ ቢቺኮ፤ አራት ዓመት አጥር ተጋርተን ማን እንደሆንክ በቅጡ አላውቅም። ራግቢ እንደማታውቅ ግን አውቃለሁ!

ቢቺኮ፦ ምን አጠፋሁ ባቶኖ ቫርላም? አሥራ አራት ቀኝ ገፊ ካለን፣ አንዱ ኳሷን በእግሩ ይምታ ነው ያልኩት።

ቫርላም፦ አንዱ ይምታ! ቀኝ ገፊ እኮ ከፊት መስመር በቀኝ ሆኖ የሚገፋ መቶ ሃያ አምስት ኪሎ ነው! እግሩ የተሠራው መሬት ሊቆነጥጥ ነው፤ ኳስ ሊመታ አይደለም።

ቢቺኮ፦ መቺ ስንት አለን?

ቫርላም፦ አንድ ተኩል።

ቢቺኮ፦ ተኩሉ ምንድን ነው?

ቫርላም፦ ሁለተኛው ጉልበቱን ተሰፍቷል።

ቢቺኮ፦ እንግዲህ ድስቱ አሥራ አራት፣ ጨው ግን የለም።

[ቫርላም ይቺን አባባል ነገ ለስፖርት ሬዲዮ ደውሎ እንደራሱ አድርጎ ሊናገራት በልቡ አስቀመጣት።]

ቫርላም፦ ይህ ክምችት ይባላል! በቀኝ ገፊ ክምችት ዓለም ይቀናብናል። የፈረንሳይ ክለቦች ገፊ ከማን የሚወስዱ ይመስልሃል?

ቢቺኮ፦ ሚንዲያ ከክምችቱ ስንተኛ ነው?

[ቫርላም ፍሙን ያለ ምክንያት ቆሰቆሰው። ሚንዲያ አንድ ልጁ ነው፤ ቀኝ ገፊ። የብሔራዊ ቡድኑ ዝርዝር ዛሬ ቀትር ላይ ይወጣል። ለምሳ አርባ ሰው ተጠርቷል።]

ቫርላም፦ ሰባተኛ። ፍርድ ካለ ስድስተኛ።

ቢቺኮ፦ የሚመረጡትስ?

ቫርላም፦ ሦስት።

ቢቺኮ፦ በስድስተኛው ብንሄድ እንኳ ሦስት ሰው መታመም አለበት።

ቫርላም፦ መታመም ማን አለ? ትንሽ ወገብ... ቀለል ያለ ጉንፋን...

ቢቺኮ፦ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሻማ ሲያበሩ አይቻለሁ።

ቫርላም፦ ለጤና ነው!

ቢቺኮ፦ ለማን ጤና?

ቫርላም፦ አንተ ሥጋህን እሽ!

ቢቺኮ፦ እሺ። አሳማው ግን... ሰባተኛ ከሆነ ለምን ታረደ?

ቫርላም፦ ወፍሮ ነበር።

[ቢቺኮ ቀይ ሽንኩርት ጨመረ።]

ቢቺኮ፦ በግራ ገፊስ እንዴት ነን?

ቫርላም፦ በግራ ድሆች ነን። ሁለት ብቻ፤ አንዱም አርጅቷል። ይህንኑ ነው በሬዲዮ የምጮኸው! ለዚህ አገር ግራ ገፊ የሚያሠለጥን አንድ ሰው ጠፋ?

ቢቺኮ፦ ታዲያ ሚንዲያ ወደ ግራ ይሂዳ።

ቫርላም፦ [ሳቀ] ስማ፤ ስምንት ለስምንት ሆነው፣ ራስ ለራስ ተቆላልፈው ሲገፉ ግራና ቀኝ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የቀኝ በሬ በግራ ጠምደህ ታውቃለህ?

ቢቺኮ፦ አውቃለሁ። መጀመሪያ ትልሙን ያጣምማል፤ ሁለት ወር ይለግማል። ካልቸኮሉበት በስምንተኛው ወር ቀጥ ይላል።

ቫርላም፦ እኔ ስለ በሬ መቼ ጠየቅኩህ! ግራ ገፊ ማለት... ቆይ፣ በጆሮ ላስረዳህ። ቀኝ ገፊ ራሱ በሁለት ራሶች መሃል ስለሚገባ ሁለቱም ጆሮው እንደ ደረቀ እንጉዳይ ይኮማተራል። ግራ ገፊ ቀኝ ጆሮው ብቻ ነው የሚበላሸው። ግራ ጆሮው ውጭ ነው፤ ነፋስ ይመታዋል። ሰው ማልያ ሳይለብስ በመንገድ ሲያልፍ እለየዋለሁ!

ቢቺኮ፦ [ቆቡን ዝቅ አድርጎ] እርስዎ አያመልጥዎትም።

ቫርላም፦ ምንም አያመልጠኝም። ልጄ ሰኞ ሰኞ በሌሊት ተነሥቶ ወደ በረትህ እንደሚሄድም አውቃለሁ።

ቢቺኮ፦ [እጁ ሥጋው ውስጥ ቀጥ አለ] ያውቃሉ?

ቫርላም፦ ቀኝ ትከሻው ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። ሽማግሌ ብሆንም ጎረምሳ ነበርኩ። የሚስትህ የእኅት ልጅ ናት፣ አይደል?

ቢቺኮ፦ ...ጋሪ መግፋት ያግዘኛል።

ቫርላም፦ ጋሪ! እሺ፣ ጋሪ ትባል።

[የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቀትርን ደወለ። ቫርላም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣ። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ወለወለ።]

ቫርላም፦ ወጥቷል። ቀኝ ገፊዎች... አንድ... ሁለት... ሦስት።

[ስልኩን አወረደ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ለእንግዶቹ የተደረደረውን አርባ ሰሃን ዞረ።]

ቫርላም፦ ክምችት ነው። እኔው ነኝ ያልኩት።

ቢቺኮ፦ ወደ ታች ያንብቡ።

ቫርላም፦ ከታች ግራ ነው። ግራ ምን ያደርግልኛል?

ቢቺኮ፦ እባክዎን ያንብቡ።

ቫርላም፦ ግራ ገፊዎች፤ አንድ... ሁለት... ሦስት፣ ሚንዲያ... [ተነሣ] የኛ ሚንዲያ!

ቢቺኮ፦ እንኳን ደስ ያለዎት።

ቫርላም፦ የምን ደስታ? ተሳስተዋል! በግራ ጽፈውታል!

ቢቺኮ፦ ተመረጠ እኮ።

ቫርላም፦ ነገ ልምምድ ላይ በማያውቀው በኩል ያስገቡታል፤ አንገቱን ይሰብሩብኛል! አንድ ልጅ ነው ያለኝ! ፌዴሬሽኑ ጋ እደውላለሁ፤ ይሰርዙት!

ቢቺኮ፦ አይደውሉ።

ቫርላም፦ እየጠራ ነው።

[ቢቺኮ ስልኩን ከእጁ መንጭቆ ሥጋው ውስጥ ቀበረው። ከሽንኩርቱ ሥር የሴት ድምፅ፦ «አቤት? ማን ልበል?»]

ቢቺኮ፦ [ወደ ሥጋው ጎንበስ ብሎ] ይቅርታ እመቤቴ፣ ቁጥር ተሳስተን ነው።

[ድምፁ ጠፋ።]

ቫርላም፦ አብደሃል?

ቢቺኮ፦ አልተሳሳቱም ባቶኖ ቫርላም። ከየካቲት ጀምሮ ግራ እየለመደ ነው፤ በረት ውስጥ፣ ሰኞ ሰኞ። አንገቱ ደህና ነው። ለአንገቱ እኔ አለሁ።

ቫርላም፦ እና የሚስትህ የእኅት ልጅስ?

ቢቺኮ፦ ባቱሚ ከተማ ነው ያለችው። ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው።

ቫርላም፦ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝስ በምን አወቀ?

ቢቺኮ፦ ነሐሴ ላይ መጥቶ አየው። እርስዎ ያን ቀን በመስኮቱ አጠገብ ሬዲዮ ጣቢያ ደውለው፣ «ግራ ገፊ የሚያሠለጥን ሰው ጠፋ» እያሉ ነበር። ድምፅዎ በረት ድረስ ገባ። አሠልጣኙ «ማን ነው የሚጮኸው?» አለኝ።

ቫርላም፦ ምን አልከው?

ቢቺኮ፦ «ሬዲዮ ነው» አልኩት።

[ቫርላም በንዴት ከታሸው ሥጋ ከፊሉን አንሥቶ ፍሙ ላይ ደረደረ።]

ቫርላም፦ ለምን አልነገራችሁኝም? አባቱ አይደለሁም?

ቢቺኮ፦ ሚንዲያ ነው እንዳልናገር ያስማለኝ። «አባቴ ከሰማ ያስተምረናል» አለ።

[የቫርላም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይሳቅ ያልቅስ ራሱም አልለየውም።]

ቫርላም፦ ቆይ። ብቻውን አይገፋም። ከማን ጋር ነበር የሚገፋው? ከበሬህ ጋር?

ቢቺኮ፦ ከእኔ ጋር።

ቫርላም፦ ከአንተ ጋር! አንተ ሰው፣ በሃምሳ ዓመትህ!

ቢቺኮ፦ በሃምሳ ሦስት።

[ቫርላም ዘሎ አቀፈው። ሲያቅፈው የቢቺኮ ቆብ ወደቀ። ግራ ጆሮው የሕፃን ጆሮ ይመስላል። ቀኙ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተኮማትሯል። ቫርላም ዞሮ ግራውን አየ፤ ተመልሶ ቀኙን አየ። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ቆብ ላይ ሲቀልድ እንደኖረ ትዝ አለው።]

ቫርላም፦ [በዝቅታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብሎ] ባቶኖ ቢቺኮ... የት ነው የተጫወቱት? ለምንስ ተዉት?

[ቢቺኮ ቆቡን አነሣ፣ አመዱን አራገፈና ጆሮው ድረስ ደፋው። ስልኩን ከሥጋው አውጥቶ በመሐረብ ጠርጎ አቀበለው።]

ቢቺኮ፦ በግራ በኩል ያለው ሥጋ እያረረ ነው። ይገልብጡት።

[ቫርላም ሳይከራከር ገለበጠው።]