ጀርባዋን የሰጠችው ሴት የማን እናት እንደሆነች ለመወሰን የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ
ቦታ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት (አዳራሹ ለሠርግ በመከራየቱ)
የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ ርዕሰ መምህር)፣ ሥጋ ሻጩ፣ ልብስ ሰፊው፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ጸሐፊ
ያልተገኙ፦ የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት። ሆኖም ከመንገዱ ማዶ ፀጉራቸውን ሲቆረጡ በመስኮት ስለሚታዩ፣ ሰብሳቢው «ካየናቸው ተገኝተዋል» በማለታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሟቹ ፎቶ አንሺ ባለቤት ለከተማው ከሰጡት የድሮ የመንገድ ፎቶዎች ለኤግዚቢሽን የሚሆኑትን መምረጥ

ሰብሳቢው ፎቶዎቹ «ገጽታችንን የሚገነቡ» እንዲሆኑ አሳሰቡ። በዚሁ መሠረት ጭቃ፣ ወረፋ፣ የተሰጣ ልብስና ሥራ ፈት የሚታይባቸው ሁሉ እንዲወጡ ተወሰነ። ማጣራቱ ሲያበቃ አንድ ፎቶ ቀረ። እሱም አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ የሚያሳይ ነው።

አጀንዳ 2፦ በፎቶው ሥር የሚጻፈው መግለጫ

ሥጋ ሻጩ ፎቶውን ብዙ ካዩ በኋላ «እማዬ ናት» አሉ። ልብስ ሰፊው ከእጃቸው ወስደው «ይቅርታ፣ የኔ እናት ናት» አሉ።

ሥጋ ሻጩ እናታቸው አንገታቸውን እንዲህ ሰበር አድርገው ይቆሙ እንደነበር፣ ልጅ ሆነው ገበያ ውስጥ ሲጠፉም በዚሁ ይለዩአቸው እንደነበር አስረዱ። ልብስ ሰፊው «አንገት፣ ታፋ እያልክ የምትመዝነው ሱቅህ መሰለህ? ቀሚሱን እየው! ወገቡን እንዲህ የምታስገባው እማዬ ብቻ ናት» አሉ። ሥጋ ሻጩም ተናጋሪው ዓለምን የሚያዩት በመርፌ ቀዳዳ እንደሆነ ገለጹ።

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ለማመሳከር የእናቶቻቸው ሌላ ፎቶ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቁ። ሥጋ ሻጩ ቤታቸው መቃጠሉን፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ እናታቸው በሕይወታቸው ፎቶ ቤት ገብተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ሰብሳቢው ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎቹ ድምፀ ተአቅቦ ስላደረጉ ድምፁ አንድ ለአንድ ሆነ። የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት በምልክት ተጠይቀው ራሳቸውን ቢነቀንቁም፣ የነቀነቃቸው ፀጉር አስተካካዩ መሆኑ ስለታወቀ ድምፃቸው ውድቅ ተደርጓል።

«የሁለቱም እናት» ተብሎ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሥጋ ሻጩ «ከዚህ ሰውዬ ጋር ወንድም ከምሆን ያለ እናት ብቀር ይሻለኛል» ሲሉ ተቃወሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ መግለጫው እንደቀረበው እንዲጸድቅ፣ ወንድማማችነቱ ግን ኤግዚቢሽኑ ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓታት ብቻ እንዲጸና ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የፎቶ አንሺው ባለቤት ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ ሲያዩ ሳቁ። «ውይ! ይሄማ እኔ ነኝ። ያን ቀን ተጣልተን ነበር። ላንሳሽ ሲለኝ ጀርባዬን ሰጠሁት፤ እሱም እልኸኛ ነው፣ አነሳኝ። ከታረቅን በኋላ ‹ካነሳሁሽ ሁሉ ያማርሽው በዚህ ነው› እያለ ያበሽቀኝ ነበር።»



ሥጋ ሻጩ «እርግጠኛ ነዎት እማማ?» ሲሉ ጠየቁ። እማማ መሳቃቸውን አቆሙ። «እርግጠኛ ነኝ ልጄ» አሉ። ሥጋ ሻጩ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የሆነውን ሁሉ ለእማማ በጆሯቸው ነገሯቸው።

ልብስ ሰፊው የመናገር ዕድል ጠይቀው «እርስዎ መሆንዎን አምኛለሁ እማማ» አሉ። «ግን አንድ ይታጠብልኝ።»

ሥጋ ሻጩ ከመስኮቱ ሳይዞሩ «ሁለት ይታጠብ» አሉ።

እማማ ፊልሙ ቤታቸው እንዳለ፣ ነገ እንደሚያሳጥቡላቸው ቃል ገቡ።

ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ወንድማማችነቱ ፈርሷል። ጭቃውም፣ ወረፋውም፣ ሥራ ፈቱም ይሰቀላል፤ ከፎቶዎቹ ሥር ምንም አይጻፍም። ሰብሳቢው ምክንያቱን ሲያስረዱ «እዚያ ውስጥ የሚፈልገው ሰው ያለው አይጠፋም» ብለዋል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። ይህ እስከተጻፈ ድረስ ግን የወጣ ሰው የለም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የውሃ ወረፋው ፎቶ ላይ የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ እያዩ ነው።